ሥልጣን የሌለው ቋሚ ወንበር ይቅርብን

በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ በአንድ አገር ድምፅ ተሸነፈ። ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ብሪታንያና ሴራሊዮን አዘጋጅተው ያቀረቡትን፣ በሱዳን ውጊያ እንዲቆምና ሰላማዊ ሰዎች እንዲጠበቁ የሚጠይቀውን የውሳኔ ሐሳብ ሩሲያ ብቻዋን ጣለችው። ረቡዕ ደግሞ አሥሩ ተለዋጭ አባላት በጋራ ያቀረቡትን የጋዛ ተኩስ አቁም ጥያቄ አሜሪካ ብቻዋን ጣለችው። በሁለቱም ቀን ውጤቱ 14 ለ1 ነበር፤ በሁለቱም ቀን ያሸነፈው አንዱ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር በፊት፣ መስከረም 2 ቀን፣ በጊዜው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ሊንዳ ቶማስ-ግሪንፊልድ፣ አፍሪካ በዚሁ ምክር ቤት ሁለት ቋሚ ወንበር እንድታገኝ አገራቸው እንደምትደግፍ አስታውቀው ነበር። ዜናው በየቦታው እንደ ብሥራት ተነገረ። ማሰሪያው ግን አብሮ መጣ፦ ድምፅን በድምፅ የመሻር (ቬቶ) ሥልጣን ከአምስቱ ቋሚ አባላት፣ ማለትም ከአሜሪካ፣ ከሩሲያ፣ ከቻይና፣ ከብሪታንያና ከፈረንሳይ እጅ አይወጣም። ምክንያቱም ሥልጣኑ ለሌሎች ከተዳረሰ ምክር ቤቱ ከዛሬው የባሰ ሥራ ይሳነዋል ተባለ። ከዚያ የኅዳር ሳምንት በኋላ ይኸው ምክንያት ጭራሽ ማስረጃ እንደተገኘለት እየተደጋገመ ነው። አንዱ ብቻ ይህን ካደረገ፣ ሁለት ሲጨመር ምን ሊመጣ ነው ይሉናል።

የሚያስቆጣው ይህ ነው። ጥፋቱን የፈጸሙት ውስጥ ያሉት አምስቱ ናቸው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ግን ገና ደጅ በቆመችው አፍሪካ ላይ ነው።

ሥራ ያስፈታው ማን እንደሆነ እንነጋገር ከተባለ መዝገቡ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ግብፃዊው ቡትሮስ ቡትሮስ-ጋሊ ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ሲቀርቡ 14 አገሮች ደገፏቸው፤ አሜሪካ ብቻዋን አስቀረቻቸው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሩሲያ በሰሜን ኮሪያ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ የሚከታተለው የባለሙያዎች ቡድን ሥራው እንዳይራዘም አደረገች። ከሁሉ የማልረሳው ግን የመቄዶንያው ጉዳይ ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰላም አስከባሪዎች ጦርነት ሳይነሳ አስቀድመው ድንበር ላይ ተሰማርተው ነበር፤ በድርጅቱ ታሪክ እንዲህ ያለ የመከላከል ተልእኮ ያ የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ መቄዶንያ ቻይና የራሴ ግዛት ለምትላት ለታይዋን ዕውቅና ሰጠች። ሳምንታት እንዳለፉ ተልእኮው ይራዘም ወይ የሚለው ድምፅ ሲሰጥበት 13 አገሮች ይራዘም አሉ፣ ሩሲያ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፣ ቻይና ሻረችው። ቤጂንግ በይፋ የሰጠችው ምክንያት አገሪቱ ተረጋግታለች የሚል ነበር። ወር ሳይሞላ በኮሶቮ ምክንያት ኔቶ በዩጎዝላቪያ ላይ የአየር ድብደባ ጀመረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችም ጠባቂዎቹ ወደተነሱበት ወደዚያው ድንበር ጎረፉ።

ይህን ሁሉ ያደረገ አፍሪካዊ መንግሥት የለም። የሴራሊዮኑ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ማዳ ባዮ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. እዚያው ምክር ቤት ፊት ቆመው የአፍሪካን አቋም ሲያስረዱ የተናገሩት ግልጽ ነበር፦ አፍሪካ ይህ ሥልጣን ጨርሶ እንዲቀር ትፈልጋለች፤ ይቆይ ከተባለ ግን ለአዲሶቹ ቋሚ አባላትም ይሰጥ። ከዚህ የበለጠ ምክንያታዊ አቋም ከየት ይመጣል? ሥልጣኑ መርዝ ነው የሚል ሰው በመጀመሪያ ራሱ ይተፋዋል። አምባሳደሯ ግን ከአምስቱ አንዱም ሊተወው እንደማይፈልግ፣ አገራቸውም ጭምር እንደማትፈልግ በግልጽ ተናግረዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እንግዲያው የምክር ቤቱ ጤና ነው ያሳሰበን የሚለውን ክርክር ይተዉልን።

ደግሞ የድርጅቱን መተዳደሪያ፣ የቻርተሩን ቃል ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያያል። አንቀጽ 27 ሥልጣኑን የሚሰጠው ለአምስት አገሮች በስማቸው ጠርቶ አይደለም፤ ቁልፍ ውሳኔ ሲወሰን የቋሚ አባላት ስምምነት ያስፈልጋል ነው የሚለው። ቋሚ አባላቱ እነማን እንደሆኑ የሚዘረዝረው አንቀጽ 23 ነው። ስለዚህ አፍሪካ በአንቀጽ 23 ቋሚ አባል ሆና ከገባች ሥልጣኑ በራሱ ይከተላታል፤ ማንም የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዳይከተላት ከተፈለገ ግን ዛሬ በቻርተሩ ውስጥ የሌለ አዲስ ሐረግ መጻፍ ግድ ነው፤ ቋሚ ሆነው ከቋሚዎች የሚያንሱ አባላት አሉ የሚል ሐረግ። አፍሪካ ተጨማሪ ነገር ጠየቀች እየተባለ የሚነገረው ሐሰት ነው። ተጨማሪ ነገር እየጠየቁ ያሉት እነሱ ናቸው፤ እሱም ሁለተኛ ደረጃ የሚባል መደብ ነው።

አሁን ይህን ተቀበሉ፣ ቀሪው በሂደት ይመጣል የሚሉ የራሳችን ሰዎችም አሉ። በሂደት የሚመጣው በምን መንገድ ነው? ቻርተሩን ለማሻሻል የአምስቱም ማጽደቂያ ያስፈልጋል። ዛሬ ያልሰጡ ነገ ወንበሩን ይዘን ዝም ስንልላቸው የሚሰጡበት ምክንያት አይታየኝም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወንበር ጨምሮ ሥልጣን አለመጨመር በሌላም ቤት የተለመደ ነው። ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አንሥቶ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ውስጥ ሦስተኛ ወንበር አግኝተዋል። መልካም። የድምፅ ድርሻቸው ግን በኮታ፣ ማለትም ለድርጅቱ በሚያዋጡት የገንዘብ ድርሻ የሚለካ ስለሆነ የነበረውን ለሦስት ተካፈሉት እንጂ አላደገም። ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ በሚጠይቁበት ድርጅት አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ይዛለች፤ ስሙ አይጠራ እንጂ ያም የመሻር ሥልጣን ነው።

የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ አይቻልም የሚለው ነው። አምስቱ ካልፈለጉ ምንም ማድረግ አይቻልም ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 የሆነውን አያውቁም፣ ወይም እንዲታወቅ አይፈልጉም።

በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ 11 አባላት ነበሩት። ድርጅቱ በ51 አገሮች ሲመሠረት የተሰፋ ልብስ ነበር፤ አባላቱ ከመቶ አልፈው፣ ከ30 በላይ አዲስ ነጻ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ገብተው ያው ልብስ ነበር የሚለበሰው። የእስያና የአፍሪካ አገሮች አምስቱን ለምነው አልጠበቁም። ምክር ቤቱ ወደ 15 ከፍ እንዲል የማሻሻያ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው አቀረቡና ድምፅ ይሰጥበት አሉ። 97 ደገፉ፣ 11 ተቃወሙ፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አምስቱ ምን አደረጉ? ሶቭየት ኅብረትና ፈረንሳይ ተቃወሙ። አሜሪካና ብሪታንያ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የደገፈችው አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም ያኔ የቻይናን ወንበር ይዛ የነበረችው የታይፔ ቻይና (ታይዋን)።

በዛሬዎቹ ጠቢባን ስሌት ነገሩ እዚያው መሞት ነበረበት። ከአምስቱ አራቱ አልደገፉም፤ የአራቱም ማጽደቂያ ግን የግድ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን አምስቱም አጸደቁ። ማሻሻያው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1965 ጸና። የተቃወመችው ሞስኮ ገና ዓመቱ ሲጀመር ነበር ያጸደቀችው፤ ዋሽንግተን መጨረሻ ላይ ደረሰች።

ለምን? ሐሳባቸውን የቀየረላቸው አዲስ ክርክር አልነበረም። የቀየራቸው የተቆጠረ ድምፅ ነው። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የአዲሶቹን አገሮች ወዳጅነት ለማግኘት ሁለቱም ወገን ሲሯሯጥ፣ 97 አገሮች የፈለጉትን ነገር ብቻውን የቀበረ ተብሎ መታወቅን የደፈረ አልነበረም። ተደራድሮ ማዘግየት ቀላል ነው። በስም ተጠርቶ፣ በቀን ተጽፎ እምቢ ማለት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዛሬም ሞስኮ፣ ቤጂንግ፣ ዋሽንግተንና ፓሪስ በአፍሪካ የሚያደርጉት ሽሚያ ያኔ ከነበረው ቢብስ እንጂ አያንስም። የአፍሪካ ውክልና በምክር ቤቱ ይጨመር የማይል ከአምስቱ ማን አለ? በአፍ የሚሉትን በድምፅ ይድገሙት።

ከዚያ ወዲህ ግን እኛው ያንን መሣሪያ ጣልነው። ምክር ቤቱን ስለ ማሻሻል የሚደረገው፣ የመንግሥታት ድርድር የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ ይከፈታል፣ በየዓመቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ሁሉም ካልተስማማ አንድ ቃል አይጸናም፤ ስለዚህ ያልፈለገ ሁሉ ዝም ብሎ በመቀመጥ ብቻ ያሸንፋል። መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ባጸደቀው፣ የወደፊቱ ስምምነት በተባለው ሰነድ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ሩሲያ በመጨረሻዋ ሰዓት ማሻሻያ ይዛ ስትመጣ፣ በአፍሪካ ስም የኮንጎ ሪፐብሊክ ተነሥታ ማሻሻያው ውድቅ እንዲሆን ጠየቀች፤ 143 አገሮች አብረዋት ቆሙ፣ ተቃዋሚው 7 ብቻ ነበር። ሰነዱን ያዳነችው አፍሪካ ናት። በምላሹ ያገኘችው ታሪካዊው በደል ይታረማል የሚል ዓረፍተ ነገርና ስለ መሻር ሥልጣኑ ውይይቱ ይጠናከራል የሚል ተስፋ ነው። ያ ቀን ሌላም ነገር አሳይቶን ነበር፦ አፍሪካ ድምፅ ይቆጠር ስትል ዓለም ይከተላታል።

በሁለቱ ወንበሮች የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑ አፍሪካ ራሷ አልተስማማችም የሚለው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኤዙልዊኒ የተደረሰበት የአፍሪካ የጋራ አቋም መራጩ የአፍሪካ ኅብረት ነው ብሏል፤ ስሞቹ ግን እስካሁን አልታወቁም። ይህ የራሳችን ድክመት ነው። ሆኖም የ1963ቱ ውሳኔም የአገር ስም አልጠራም፤ ለአፍሪካና ለእስያ ይህን ያህል፣ ለላቲን አሜሪካ ይህን ያህል ብሎ ነው ያከፋፈለው። ወንበሩ ከተገኘ የሚቀመጥበት አይጠፋም።

ማሻሻያ በጠቅላላ ጉባኤው የሚያልፈው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ከ193 አባላት ሁለት ሦስተኛው 129 ነው። 54ቱ እዚሁ አሉ፤ የቀሩት 75 ድምፆች በዚያ መስከረም ከተከተሉን 143 አገሮች መካከል የሚገኙ ናቸው። ረቂቁም ረጅም አይሆንም፦ በአንቀጽ 23 የአባላቱ ቁጥር፣ በአንቀጽ 27 ለውሳኔ የሚያስፈልገው የድምፅ ብዛት፤ 1963 ላይም ምክር ቤቱን በሚመለከት የተነኩት እነዚሁ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ሲሰበሰቡ የምክር ቤቱን ማሻሻያ ጉዳይ የሚከታተለው የአሥሩ መንግሥታት ኮሚቴ ይህን ረቂቅ እንዲያዘጋጅ፣ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲያቀርብና ድምፅ እንዲሰጥበት እንዲጠይቅ ማዘዝ ይችላሉ። እምቢ የሚል ቋሚ አባል ካለ እምቢታው በስሙ ይመዝገብለት።