በካያክ ለሚያጠምድ ሰው የቱ ይሻላል፦ ሰው ሠራሽ ማባበያ ወይስ ትልና ሸርጣን?

የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑትን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን አቋርጦ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገናኘው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በካያክ (በመቅዘፊያ በምትነዳ ጠባብ ጀልባ) የሚያጠምዱ ሁለት የአገራችን ሰዎች እንዲህ ተከራክረዋል።

ለሰው ሠራሹ የሚሟገተው፦ ጋሼ፣ የእኔ ክርክር የሚነሣው መልሰን ከምንለቀው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው አንድ ሰው በቀን ይዞ መሄድ የሚፈቀድለት ከ19 እስከ 24 ኢንች የሚረዝም አንድ ሮክፊሽ (ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ያሉት ዓሣ) ብቻ በመሆኑ፣ ያነሰውም የበለጠውም ወደ ውኃው ይመለሳል። ትሉን ዓሣው እንደ ማንኛውም ምግቡ ስለሚውጠው መንጠቆው በቀላሉ ጉሮሮው ውስጥ ይገባል፤ ዓሣ በሚመስል የላስቲክ ማባበያ የተያዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ነው የሚያዘው። ካያክ ላይ ሰው መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ነፋስ እየገፋው ስለሚሠራ፣ ጉሮሮ ውስጥ የተሰካ መንጠቆ ለማውጣት ቦታም ጊዜም የለውም። ባልዲና ቢላዋ ሳልሸከም፣ ጥቂት የላስቲክ ዓሦችን በደረት ኪሴ ይዤ እወጣለሁ።

ለተፈጥሮው የሚሟገተው፦ ልጄ፣ ለሚለቀቀው ዓሣ መቆርቆርህን ከልቤ እጋራለሁ፤ የገለጽከው ግን የድሮውን መንጠቆ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በአትላንቲክ ጠረፍ ግዛቶች ሮክፊሽን በተፈጥሮ ማባበያ የሚያጠምድ ሁሉ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም ተደንግጓል። ዓሣው ቢውጠውም እንኳ፣ ዘንጉን በኃይል ሳንመነጭቅ ክሩ ቀስ ብሎ እንዲወጠር ከተውነው፣ መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ ከጉሮሮው ተንሸራቶ የአፉን ማዕዘን ይይዛል።

የአንተን ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ዓሣ ሆድ ደግሞ ተመልከት፤ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆዎች ተንጠልጥለውበታል። ባለፈው መኸር በተዋስኩት እንዲህ ባለ ማባበያ አንድ ሮክፊሽ ይዤ ወደ ጭኔ ሳስጠጋው፣ አንዱ መንጠቆ በመንጋጋው እንዳለ ሌላው ሱሪዬ ላይ ተሰካ፤ እሱ በተራገጠ ቁጥር እኔም አብሬ ተጎተትኩ፤ ካያኩም ወደ ድልድዩ ምሰሶ ተገፋ። ከዚህም ሌላ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚፈሰው የሱስኩሃና ወንዝ ጎርፍ ውኃውን ቡና ሲያስመስለው ዓሣ በዓይኑ ብቻ ምግቡን ለማግኘት ይቸገራል፤ የተቆረጠ ሸርጣን ሽታ ግን ጭቃ አያግደውም።

ለሰው ሠራሹ የሚሟገተው፦ ስለ ባለሦስት ጫፉ መንጠቆ ትክክል ነዎት፤ እኔም በፒንሳ አውልቄ በነጠላ እተካዋለሁ። ነገር ግን ትል ያጠለቀ ሰው መልሕቁን ጥሎ መጠበቅ አለበት፤ የካያክ ጸጋ ደግሞ የሞተር ጀልባ በማይደርስበት፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ባለ ሣር ላይ ያለ ድምፅ መንሸራተት ነው። በበጋ ከታች የተጣለውን ምግብ ሬይ የተባለው ክንፋም ዓሣ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ መልሕቁን ካልፈቱ ካያኩን ወደ ጎን ይስበዋል።

ለተፈጥሮው የሚሟገተው፦ ሬይ ከያዘህ ክሩን መቁረጥ ነው፤ እሱ አያከራክረንም። ያላነሣኸው ብሉ ካትፊሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀው ይህ ባዕድ ዓሣ ዛሬ የባሕረ ሰላጤውን ሸርጣንና ሌሎች ዓሦች እየበላ ነው፤ የሁለቱም ግዛቶች ባለሥልጣናት አጥምዳችሁ ብሉት ይላሉ። ጨዉ ቀለል ወዳለው የወንዝ አፍ ቀዝፈህ የተቆረጠ ዓሣ ጣልለት፤ እዚያ የሚለቀቅ ዓሣ ጉዳይ አያስጨንቅህም።

ለሰው ሠራሹ የሚሟገተው፦ ለካትፊሹ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ጋሼ። ለሮክፊሹ ግን ላስቲኬን አልጥልም።