የረሳ መራጭ ይባረክ

ጋሼ መኪናቸውን ሲያቆሙ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የማያቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የለመድናት ቡና ቤት ደጃፍ። ካምሪዋ አርጅታለች። ባምፐሯ ግን ቤተ መዘክር ነው። ጋሼ የምርጫ ስቲከር ልጠው አያውቁም። አዲሱን በአሮጌው ላይ ይለጥፉታል። ጠርዙን ፀሐይና በረዶ ሲበላው የታችኛው ብቅ ይላል። ከ2024ቱ ሥር የ2020ው፣ ከእሱ ሥር የ2016ቱ፣ ቀጥሎ የኦባማ። ከሁሉም ሥር ደግሞ በአንድ ጥግ የ2004ቱ የኬሪ ስቲከር ቀለሙ ለቆ ይታያል።

ገብተው ማኪያቷቸውን ካዘዙ በኋላ የሚሉት አንድ ነው። ከ2003 ጀምሮ አልተለወጠም። «ኢራቅ ትወረር ብሎ እጁን ያወጣ ሰው የእኔን ድምፅ አያገኝም!» ጠረጴዛውን መታ ያደርጋሉ። ማኪያቶው ይነቃነቃል። እኛም ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን።

ይህን የምጽፈው ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ምስጋና ለማቅረብ ነው። የአሜሪካ መራጭ ስሙ በከንቱ ይጠፋል። «ይረሳል» ይሉታል። ሐሰት ነው። መራጭ አይረሳም። ትዝታው በፈረቃ ነው የሚበራው እንጂ። የተቃዋሚው ሰፈር ሲደርስ ቦግ ይላል፤ የራሱ ሰፈር ሲደርስ ድርግም። ለዚህ ሥርዓት አክባሪነት ማንም አመስግኖት አያውቅም።

እስቲ ከሥሩ እንነሳ። ጥቅምት 2002 በፈረንጆቹ። ፕሬዚዳንት ቡሽ በሳዳም ሁሴን ላይ ጦር ለማዝመት ፈቃድ ጠየቁ። የተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133 ፈቀደ። ሴኔቱ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ 77 ለ23 ፈቀደ። ከ77ቱ ውስጥ 29ኙ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ኬሪ፣ ኤድዋርድስ፣ ባይደን፣ ሂላሪ ክሊንተን፣ ሊበርማን። በመጋቢት 2003 ጦርነቱ ተጀመረ። ተፈለገ የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት ግን አልተገኘም። ከ4,400 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ሞቱ። የኢራቃውያኑን ቁጥር በትክክል የቆጠረ የለም።

ከድምፁ በፊት ሴኔተሮቹ ገብተው የሚያነቡት ከ90 ገጽ የማያንስ የስለላ ሪፖርት ነበር። ምስጢር ስለሆነ ወደ ቤት አይወሰድም፤ እዚያው ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። ሙሉውን ያነበቡት ጥቂት መሆናቸው በኋላ ተሰማ። ካነበቡት አንዱ የስለላ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቦብ ግራም ነበሩ። አነበቡና «አይሆንም» ብለው ድምፅ ሰጡ። በሚቀጥለው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። አንድም ሰው ድምፅ ሳይሰጥ ከውድድሩ ወጡ። ማንበብ ለፕሬዚዳንትነት አያበቃም ማለት ነው።

በ2004 የፀረ ጦርነቱ ፓርቲ፣ የዴሞክራቶቹ ሕዝብ በቁጣ ተነሳ። ተነሳና ኬሪን ዕጩ አደረገ። ምክትላቸው ኤድዋርድስ ሆኑ። ሁለቱም እጃቸውን ያወጡ ናቸው። በዚያው ውድድር ጦርነቱን በምክር ቤት የተቃወሙት ዴኒስ ኩሲኒችም ነበሩ። ሰውየውን ሁላችንም አከበርናቸው። አክብረንም አልመረጥናቸውም። ኬሪ ለጦርነቱ ስለተጠየቀው 87 ቢሊዮን ዶላር ሲናገሩ፣ ከመቃወማቸው በፊት ደግፈውት እንደነበር ነገሩን። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅሁም። መራጩን እንደዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር የገለጸ ሰው አላየሁም።

የ2006ቱ ግን ይበልጣል። ያን ጊዜ ሕዝቡ በጦርነቱ ተንገሽግሿል። ቡሽን መቅጣት ይፈልጋል፤ ቡሽ ደግሞ ምርጫው ላይ የሉም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል የእኛ ሰው። የሪፐብሊካኖቹ ምልክት ዝሆን ስለሆነ ዝሆኑን ፈርተው ዳውላውን እንበል። ዳውላው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሮድ አይላንዱ ሊንከን ቼፊ። በሴኔቱ ጦርነቱን የተቃወሙት ብቸኛው ሪፐብሊካን! ከ49ኙ አንዱ! በፀረ ጦርነቱ ማዕበል ተጠራርገው ወደቁ። በዚያው ዓመት፣ እዚያው አጠገብ ኮነቲከት ውስጥ፣ የጦርነቱ ዋና ደጋፊ ሊበርማን በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸንፈው ነበር። በግል ተወዳደሩና አሸነፉ። የተቃወመው ወደ ቤቱ፣ የደገፈው ወደ ሴኔቱ። መራጩ የጦርነቱን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ 1968ን ያንብብ። የቬትናምን በር የከፈተውን የ1964ቱን የቶንኪን ውሳኔ በሴኔት የተቃወሙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሞርስና ግሩኒንግ። ሁለቱም በ1968 ወንበራቸውን አጡ። ያውም ሕዝቡ በቬትናም በተማረረበት ዓመት።

የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ አለች ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በመስከረም 2001 ለጦር ኃይል የተጠየቀውን ፈቃድ ምክር ቤቱ 420 ለ1 ሲያጸድቅ፣ አንዷ እሷ ነበረች። የሞት ዛቻ ጎረፈላት። የኦክላንድ መራጮች ግን ደጋግመው መረጧት። እነዚህ ሰዎች ከሥርዓት የወጡ ናቸው። የተናገሩትንና ያደረጉትን አንድ ያደርጋሉ። አርአያ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ወደ 2008 እንምጣ። እዚህ ላይ የጋሼ መርሕ እንደ ጥምቀት ፀሐይ ያበራል። ኦባማ በጥቅምት 2002 ቺካጎ አደባባይ ላይ ቆመው ይህ ጅል ጦርነት ነው ብለዋል። ያኔ የኢሊኖይ ግዛት ሴኔተር ስለነበሩ እጅ አውጡ ያላቸው አልነበረም። ሂላሪ ግን እጃቸውን አውጥተዋል። ይቅርታም አልጠየቁም። በ2007 ኒው ሃምፕሸር ላይ፣ ዋናው ጉዳያችሁ ያ ድምፅ ከሆነ የምትመርጧቸው ሌሎች አሉ ብለው በግልጽ ተናገሩ። ኤድዋርድስ በተቃራኒው በ2005 ተሳስቻለሁ ብለው ጽፈዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እንባው መጣ፤ ድምፁ ግን አልመጣም፤ በጥር 2008 ውድድሩን ለቀቁ።

ያን ዓመት ጋሼ ስለ ሂላሪ እንዲህ አሉ፦ «እያወቀች ነው እጇን ያወጣችው። ለፖለቲካ ስትል።» ኦባማን መረጡ። ድል! ጦርነቱን የተቃወመ ሰው ዋይት ሀውስ ገባ። ከዚያ ኦባማ ቤታቸውን ማደራጀት ጀመሩ። ምክትል ፕሬዚዳንት ባይደን። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ። ሂላሪ ሲለቁ ኬሪ። መከላከያ ላይ በኋላ ቸክ ሄግል። አራቱም በዚያች ሌሊት እጃቸውን ያወጡ። ካቢኔው የ77ቱ የጽዋ ማኅበር መሰለ። ጋሼ የኦባማና የባይደንን ስቲከር በኬሪ ላይ ሲለጥፉ እኔ ነኝ ውኃና ጨርቅ ያቀበልኳቸው።

2016 ሲመጣ ሂላሪ እንደገና ተወዳደሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በመጽሐፋቸው ተሳስቼ ነበር ብለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ እንባ። ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ የኢራቁ ድምፅስ?»

«አንተ ልጅ፣ ተታልላ እኮ ነው!»

«በ2008 እያወቀች ነው ብለውኝ ነበር።»

«ያኔ ኦባማ ነበራ።»

ከዚህ በላይ ሐቀኛ መልስ ከየት ይመጣል?

በማዶው ሰፈር ያለውም ወንድማችን አላሳፈረንም። ትራምፕ ሂላሪን ኢራቅ ኢራቅ እያሉ ሲወቅጧቸው ከረሙ። እሳቸው ራሳቸው በ2002 በሬዲዮ ወረራውን ትደግፋለህ ወይ ተብለው «ይመስለኛል» ብለዋል፤ ይሁን። ከዚያ ማይክ ፔንስን ምክትል አደረጉ። ፔንስ በ2002 የምክር ቤት አባል ነበሩ። የደገፉ። ሐምሌ 2016 በቴሌቪዥን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋዜጠኛዋ ይህንኑ አነሳችባቸው። ትራምፕ ግድ የለኝም አሉ። አንዳንዴ መሳሳት ይፈቀድለታል አሉ። ለእሷስ አይፈቀድላትም ወይ ስትላቸው፣ አይፈቀድላትም አሉ። እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። እኛ ስንት ዓመት በልባችን ይዘን የምንዞረውን ሕግ ሰውየው በአደባባይ አነበቡት።

በ2020 በርኒ ሳንደርስ ደከሙ። እሳቸው በ2002 ተቃውመዋል። በየክርክሩ ባይደንን በዚያ ድምፅ ነካኳቸው። መራጩ በአክብሮት አዳመጠ። ከዚያ ባይደንን መረጠ። ጋሼም። «ሌላኛው ሰውዬ ከሚመጣ» አሉኝ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ምርጫ ሁልጊዜ ሁለት ስም ነው የሚያቀርበው፤ ይህን አልክድም። ግን ታዲያ ያ ጠረጴዛ ለምን ይደበደባል?

በነገራችን ላይ ትዝታ ሲነሳ፣ ቡና ቤታችን ውስጥ የማይበራ አንድ አምፖል አለ። በ2003 ዋይት ሀውስ ጦርነቱን የደገፉ አገሮችን ስም ሲዘረዝር ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩበት። ባድመ ላይ ተላልቀው ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ይህን ባለፈው አነሳሁት። ጋሼ ስኳራቸውን ሲያማስሉ ቆዩ። «እሱ ሌላ ነው» አሉ።

በ2024 ከስቲከሩ ላይ የ77ቱ ሰው ጠፋ። ካማላ ሃሪስም ቲም ዋልዝም በ2002 ኮንግረስ ውስጥ አልነበሩም። ሃያ ዓመት ጠብቀን ንጹሕ ስቲከር አገኘን። ጉድለቱን ማን ሞላው? የቡሽ ምክትል የነበሩት ዲክ ቼኒ። የጦርነቱ ዋና ጠንሳሽ ለሃሪስ ድምፅ እንደሚሰጡ አስታወቁ፤ ዘመቻውም በክብር ተቀበላቸው። የጋሼ ማኪያቶ ያን ቀን አልተነቃነቀም።

ባለፈው ቅዳሜ አብረን ወጣን። የባምፐሩ ጥግ ተገንጥሎ ኬሪ ብቅ ብሏል። ጋሼ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። አልያዘም።

«ለ2028 ቦታ አለዎት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «በላዩ ነዋ የምለጥፈው።»