በጎጃም ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የከርሰ ምድር ቅርስ ጥናት ግዴታ ይሁን?

ደጋፊ፦ የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ከላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይን፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይን፣ ቀጥሎ ጂፕሰምን፣ ከታች ደግሞ አሸዋማ ድንጋይን ያልፋል። የኖራ ድንጋዩ አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ስለሆነ የባሕር ፍጥረታትን ቅሪት ይዟል፤ እኛ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሳንጠይቅ ለሲሚንቶና ለጠጠር እንፈነቅለዋለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። የዶዘር ነጂ ግን ያላወቀውን ነገር እንዴት ያሳውቃል? ስለዚህ አስቀድሞ ይጠና። ሚሊዮን ዓመታት የኖረ ነገር ስድስት ወር ቢያስጠብቀን የሚጎድል ነገር የለም።

ተቃዋሚ፦ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ፣ ደጀን

«የሚጎድል ነገር የለም» ያሉት መምህር በክረምት ጭቃ ውስጥ ወላድ በቃሬዛ ሲሸከሙ አላዩም ማለት ነው። በጎጃም የመሬት ሥራ የሚሠራው በበጋ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ስድስት ወር የቆመ ሥራ ዝናብ ይይዘውና ዓመቱን ያጣል፤ የኤክስካቫተሩ ኪራይ ግን አይቆምም። በጠቀሱት አዋጅ ውስጥ ያለው ስድስት ወርም የቅርስ ባለሥልጣኑ ለተነገረው ግኝት ምላሽ የሚሰጥበት ገደብ እንጂ ሠራተኛ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ጊዜ አይደለም።

ደጋፊ

ጥናት ስል ሥራ ማቆም ማለቴ አይደለም። የአፈር ምርመራ ቡድን ጉድጓድ ሲቆፍር አንድ የቅርስ ባለሙያ አብሮ ቢሄድ የማን ኪራይ ይባክናል? ዛሬ የዓለም ቅርስ የሆነውን የጥንታዊ ሰው መኖሪያ ሥፍራ መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እኮ አንድ የውሃ ባለሙያ ነው፤ የሚያይ ዓይን ነበረው። የኖራ ድንጋይ ስለሚፈነቀልበት የድንጋይ ካባ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ተቃዋሚ

መምህር ሆይ፣ ምሳሌዎ ለእኔ መሰከረ፤ መልካ ቁንጥሬ የተገኘው ያለ አንዳች አስገዳጅ ጥናት ነው። «የሚጎድል ነገር የለም» የሚለውንም አላነሡትም። ግዴታው አሁን ወደ አንድ ተጓዥ ባለሙያ ዝቅ ካለ ጠብ የለንም፤ የምጠይቀው ስለ ሒሳቡ ነው። ግኝት ያሳወቀ ተቋራጭ የቆመበትን ቀን ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አፈር አልብሶት ያልፋል።

ደጋፊ

አፈር አልብሶ ማለፍ እንዳለ ከመሐንዲስ አንደበት መስማቴ ያሳዝነኛል፤ ለሠላሳ ተማሪ የማስተምረውን ታሪክ እርስዎ በአንድ አካፋ ያስረክቡታል። ለሒሳቡ ደግሞ መልሱ በእጅዎ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) የውል ቅጽ በአንቀጽ 4.24 ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ ዕቃ አግኝቶ ላሳወቀ ተቋራጭ የጊዜ ማራዘሚያና ወጪ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ይህን አንቀጽ አንብበውት ዝም አሉ ወይስ አላነበቡትም?

ተቃዋሚ

እኔ ስለሚሆነው ነገር ተናገርኩ እንጂ አደርገዋለሁ አላልኩም፤ ስድቡን ለባለቤቱ ይመልሱት። አንቀጹን አንብቤዋለሁ፤ በእሱም ጠይቄ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ፊዲክ የሚሠራው በትልልቅ ውሎች ነው፤ ቀበሌን ከቀበሌ በሚያገናኝ መንገድ የጥቂት ገጽ ውል ውስጥ ማን ጽፎት ያውቃል? አብዛኛው ቁፋሮ ደግሞ እዚያ ነው። አንቀጹን በወረዳ ውሎች ውስጥ ያስገቡልኝ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚመጣ ባለሙያም ይመድቡልኝ፤ ያን ጊዜ ዶዘሩን ራሴ አቆመዋለሁ።