ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተን ነበር። ጥንታዊት ግብፅ ክፍል ውስጥ አንዲት የነሐስ ሴት ተቀምጣለች። ቁመቷ ከስንዝር ብዙም አይበልጥ። የጥንት ግብፃውያን ሴት አምላክ ኢሲስ ናት። ራሷ ላይ የላም ቀንድ፣ በቀንዱ መሃል የፀሐይ ክብ። ልጇን ሆረስን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በቀኝ እጇ ጡቷን ይዛለታለች።

አብረውን የነበሩ አራት ልጅ ያሳደጉ እናት ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው አዩና «ኧረ ይሄ ልጅ አይጠባም!» አሉ። እውነታቸውን ነው። እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ እንደ ዘብ ቀጥ ብሏል። «ወይ አሞታል፣ ወይ አኩርፏል።»

አንባቢው ወዳጃችን (ሁለት ቪዲዮ ያየ አንባቢ ከተባለ) ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ይሄ ማጥባት አይደለም፤ ፖለቲካ ነው። ስሟ ራሱ በዙፋን ምልክት ነው የሚጻፈው። ልጁ ፈርዖን፣ ጭኗ ዙፋን።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ። «ይቺን የምታህል ዙፋን ለየትኛው ንጉሥ ናት?»

እሱ ግን አላቆመም። እውቀቱን ሊያሳይ ብሎ ኢሲስ ልጇን ከክፉ አጎቱ ሸሽጋ በአባይ ዴልታ ረግረግ፣ ቄጠማ ውስጥ እንዳሳደገችው ተረከ። እዚያ ጊንጥ ነደፈው። የግብፅ እናቶችም ልጃቸው ሲታመም በሆረስ ስም ይደግሙለት ነበር አለ።

«አላልኩህም? ታሞ ነው!»

ለእኔ ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ። እንዲህ ያሉ ምስሎች፣ በተለይ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ664 እስከ 332 ባለው ዘመን፣ በብዛት እየተሠሩ ለቤተ መቅደስ ይሰጡ ነበር። በእኛ ቋንቋ ስለት ነው። ስለት ደግሞ የጨነቀው ሰው ነው የሚያስገባው።

«ግን እትዬ፣ ምሁራኑ…»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!»

ዘንድሮ ሁሉም አስተማሪ ሆኗል። ሕፃን አቅፎ የማያውቅ ጎረምሳ ስልክ ላይ ወጥቶ ስለ ጡት ወተት ያስረዳል። ሕዝቡም «ላይክ» ያደርጋል። አንዲት የማውቃት አራስ እናቷን ከአዲስ አበባ ድረስ አስመጣች። ሴትዮዋ በርበሬና ቅቤ ተሸክመው መጡ። ልጅቷ ግን ስንት ደቂቃ እንደምታጠባ ስልኳን ትጠይቃለች። ቀኝ ጡት አሥር ደቂቃ፣ ግራ ጡት አሥር ደቂቃ። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ስልኩ ይጮኻል። እናቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ገንፎውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሃሉ ላይ ያለው ቅቤ ረግቷል።