ቀልደኛ አይደውል

«በአስቸኳይ የሚሸጥ። የጃንሆይ ሳንቲም፣ የ1936። ዋጋ 2 ሚሊዮን ብር። መጠነኛ ድርድር አለው። ደሴ። ቀልደኛ አይደውል።»

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር በወሎዬነቴ ደረቴ ይነፋል። ልብ ብላችሁ እዩት። ዕቃው አምስት ሳንቲም ነው። ዋጋው ሁለት ሚሊዮን ነው። ያም ሆኖ ድርድር አለው። ሰውዬው ገዢን ተስፋ ማስቆረጥ አልፈለገም። ደግነታችን እስከዚህ ድረስ ነው።

በሌላው ዓለም ሳንቲም ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ግን ያሳዝናል። ማጉያ መነጽር ይገዛል። አልበም ይገዛል። ሳንቲሟን በጠርዟ እንጂ በፊቷ አይዛትም። ሲያገላብጣት ያመሻል። አመሉም ብዙ ነው። አንዱ የአንድ አገር ካልሆነ አይነካም። አንዱ የአንድ ንጉሥ። አንዱ እንስሳ ያለበትን ብቻ ይለቅማል፤ ባለ አጋዘኗን የእኛን አስር ሳንቲም አጥብቆ የሚፈልጋት እንዲህ ያለው ነው። መሃሉ የተበሳ ሳንቲም ብቻ የሚሰበስብም አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ብልሽት ፈላጊው ነው። ምስሉ ከመሃል የሸሸ፣ ሁለት ጊዜ የተመታ፣ ጎኑ የተገመጠ ሳንቲም ካገኘ ከደህናው አስበልጦ ይከፍላል። ለፋብሪካ ስህተት ገንዘብ ይከፈላል እንዴ? እኛ ጋ ስህተት በነፃ ነው፤ ያውም ቤት ድረስ ይመጣል።

ይህም አልበቃቸው። ለሳንቲም ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከ1 እስከ 70። «64 ናት»፣ «የለም 65 ናት» ሲባባሉ ይውላሉ።

የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ወጥቷል። አንዲት ሳንቲም በቃችው። ስብስቡም እሷው፣ ጡረታውም እሷው። አልበሙ የስልኩ ጋለሪ ነው። ነጥብ አያሻውም፤ ሁሉም «ኦሪጅናል» ነው። የሚያውቀው ምርመራም አንድ ብቻ ነው፤ ማግኔት። «ይኸው፣ አይስባትም! ወላሂ አይስባትም!» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ አይስባትም። መዳብ ናታ። ማግኔት መዳብ ስቦ አያውቅም። የደርግን አሉሚኒየም ድንቡሎም አይስብም። እሷማ ክብደቷ ከ1 ግራም በታች ስለሆነ እፍ ቢሏትም ትሄዳለች።

ስለ 1936ቷ ትንሽ ልበል። ይህን ያህል ከከበረች በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ሻጩ «ጣሊያን ሊገባ ሲል የወጣች ናት» ይላል። ሳንቲሟ ላይ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈው ፲፱፻፴፮ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ቁጥሩን በግዕዝ አንብቦ ዓመቱን በፈረንጅ የሚያሰላ ሊቅ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር እንጃ። እኛ ጋ ግን ሞልቷል።

ሌላም ነገር አለ። መንግሥት ያቺን ሳንቲም ከ1936 በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲያስመታ ዓመቷን አልለወጠም። ሲመቷት 1936፣ ደግመው ሲመቷት 1936። ስለዚህ ሞልታለች። ሙዳይ ውስጥ አለች፣ ሣጥን ሥር አለች፣ የልጅ አንገት ላይ አለች። ብርቅ የሚያደርጋት ነገር ቢኖር የተጠየቀባት ዋጋ ነው።

የሰፈራችን አንድ አባት ይህችን ሳንቲም በመሀረብ ቋጥረው ይዘዋል። ገዢ እንዳገኙ ሰምቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ስንት ሰጡዎት ጋሼ?»

«ስድስት መቶ ሺህ አለኝ። ዘጋሁበት።»

«ማነው እሱ?»

«ደላላ ነው። አዲስ አበባ ያለ።»

«አይቷታል?»

«ፎቶዋን ልኬለት። ፈረንጁ አይቷት አለቀሰ አለኝ።»

ደላላው ለምዝገባ ብሎ ትንሽ ነገር አስልኳቸዋል። ቀጥሎ ለማጣሪያ። ቀጥሎ ለፈረንጁ ማረፊያ። እስካሁን ሳንቲሟ ገንዘብ ያስገኘችው ለእሱ ነው። ጋሼ ግን አልከፋቸውም። ለሁለት ሚሊዮን ብር ሰው ጥቂት ሺህ ያወጣል፤ ይህ ሒሳብ ነው። ልጃቸው «አባዬ፣ በዚያ ገንዘብ ጤፍ እንግዛ» ስትል አርቆ የማያስብ ትውልድ መጣ ብለው አዘኑ።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ሚሊዮኑ ከባዶ አልመጣም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1933 ባለ 20 ዶላር የወርቅ ገንዘብ መቱ። 445,500 ነበር። ወዲያው ወርቅ በእጅ መያዝ ተከለከለና መልሰው አቀለጡት። ጥቂት አመለጠ። አንዷ የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ ጋ ገባች። ንጉሡ ከወረዱ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የግለሰብ ንብረት መሆን በሕግ የተፈቀደላት ብቸኛዋ ተብላ በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ወሬው ተራራና ባሕር አቋርጦ ደሴ ሲደርስ ወርቁ በመንገድ ቀረ። የቀለጡት አራት መቶ ሺህ ምናምን ቀሩ። ፋሩቅም ቀሩ። የደረሰው «አሮጌ ሳንቲም በሚሊዮን ይሸጣል» የምትለዋ ብቻ ናት። የቀረው እኛ ጋ ተሟላ።

አሮጌነት ብቻውን ቢያከብር ኖሮ የሮማውያን የነሐስ ሳንቲም ሰው በአጃቢ የሚይዘው ነበር። ዛሬ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን በጥቂት ዶላር ትገዛላችሁ። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ደም ብዛት አለባቸው።

ሳንቲሟን ለገዢ ከማቅረብ በፊት ደግሞ ማሳመር አለ። እዚህ ላይ እናቶቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ አንዳንዴም አሸዋ። ፍትግ ፍትግ! ስልሳ ሰባ ዓመት ቀስ እያለ የለበሰችውን ያንን ጠቆር ያለ ወዝ በአንድ ጠዋት አውልቀው ያስረክቧችኋል። በዓለም ላይ ያሉ ሰብሳቢዎች ከፍ አድርገው የሚከፍሉት ለዚያ ወዝ ነው። የተፈተገች ሳንቲም ዋጋዋ ይወርዳል። ግን ተመልከቱት ንጽሕናውን! እንግዳ ሊያያት አይደል? የእኛ ቤት ልጅ ፊቷን ሳትታጠብ ለእንግዳ አትወጣም።

የማሳመር ሙያው ደግሞ ዛሬ አልተጀመረም። የ1936ቷ ስሙኒ መጀመሪያ ስትወጣ ክብ መዳብ ነበረች፤ ሽልንጓ ደግሞ ብር። መጠናቸው ስለሚቀራረብ ብልሆች ስሙኒዋን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ አሳለፏት። ሃያ አምስቱ ሃምሳ ሆነ። መንግሥት ጨንቆት ስሙኒዋን ሰብስቦ ጠርዟ የተሸራረፈ አድርጎ አወጣት። ያቺ የመጀመሪያዋ፣ ጠርዘ ሙሉዋ፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ ትፈለጋለች። አያቶቻችን ቀብተው ባያጭበረብሩ ይህ ሁሉ ፍለጋ አይኖርም ነበር። ሙያ ማለት ይህ ነው።

ጠገራ ብርን ካላነሳሁ የባቲ ሰው አይምረኝም። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡ። ጠገራ የያዘ ሰው ካገኛችሁ «የ1780 ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። አልዋሸም፤ ተጽፎበታል። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ 1780 ይላል። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሁሉ መትተውታል። ሙሶሊኒ እኛን ሊወር ሲነሳ ቅርጹን ለምኖ ወስዶ ሮም ላይ አስመታው። እና ያ የ240 ዓመት ሽማግሌ ተብሎ የቀረበላችሁ ጠገራ ከሻጩ አባት ሊያንስ ይችላል። ሽምግልና በዕድሜ ብቻ አይደለም ብላችሁ ግዙት።

ያለ ሽሙጥ የማደንቃቸው የድሮ የወሎ እናቶችን ነው። ጠገራ ሲሰጣቸው ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያዩ ነበር። የዕንቁዎቹ ነጠብጣብ ጎልቶ ካልታየ፣ አዲስና ልሙጥ ከሆነ፣ አንቀበልም! በ1860 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ለእህልና ለአጋሰስ የሚከፍለውን ጠገራ ከቪየና አስመትቶ ነው የመጣው፤ ሌላ ብር አይሠራማ። እነዚያ ሴቶች ማጉያ መነጽር አልነበራቸውም። ግማሹን አንጥረኛ ጋ ወስደው አልቦና ጉትቻ አሠሩት። ግማሹን ማንጠልጠያ አስበይደው አንገታቸው ላይ አደረጉት። የተበየደበት ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋው ያንሳል። ለሙሽራ ግን አላነሰም።

ታላቁን ሰብሳቢ ረስቼው። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶርዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ ከመቶ ሺህ በላይ ሳንቲም የሰበሰበ ሰው ነው። ስለ ጣሊያን ሳንቲም ብቻ ብዙ ቅጽ አሳትሟል። ጨዋ ሰው፣ ማታ ማታ ሳንቲም የሚደረድር። በሚያዝያ 1928 ጦሩ ደሴ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሳንቲሙ ላይ «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ብሎ አስመታ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ከእጁ ወጣች። ሳንቲሞቹ ግን ለጊዜው ቀሩለት። ሰብሳቢነት ልክ ሲያጣ እንዲህ ያደርጋል። የእኛዎቹ ቢያንስ በአምስት ሳንቲም ተወስነዋል።

የላሊበላዎቹንም በአጭሩ ላወድስ። ትናንት የተቀበረ የአክሱም ገንዘብ ዛሬ ቆፍረው ለቱሪስት የሚሸጡትን ማለቴ ነው። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ወርቅና ብር፣ ኋላም ነሐስ ትመታ ነበር። እውነተኛውን ሸጦ ከአገር ማስወጣት በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ ያስጠይቃል። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ሐሰተኛውን ይሸጡለታል። ቅርሱም ቀረ፣ ቱሪስቱም ከኤርፖርት ፍተሻ ዳነ። ከዚህ በላይ አገር ወዳድነት ከየት ይመጣል?

ዋንጫው ግን ለማናቸውም አይሄድም። ለሚኒባስ ረዳቱ ነው። ዓመት፣ ንጉሥ፣ እንስሳ አይልም። የሚሰበስበው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የ2002ቷን ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር። ያውም የእናንተን። ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወርዱ «ዝርዝር የለም» ብሎ አንድ፣ ከጎናችሁ ካሉት እትዬ ሁለት፣ ከኋላ ወንበር ሦስት። ማስታወቂያ አያወጣም። ሚሊዮን አይጠብቅም። ለደላላ ማጣሪያ አይልክም። የሳንቲሟ ጀርባ ላይ ሚዛን አለ፤ ፍትሕን በኪሱ ቋጥሮ ነው በር ላይ የሚንጠለጠለው። ስብስቡን ማየት የሚፈልግ ደሴ ላይ ይሳፈርና ሲወርድ ጮክ ብሎ «መልሴን!» ይበል።