«ደርሷል» ሲባል የት?

ደሴ ላይ «ዕቃው ደርሷል» ያለ ሰው ወዲያው «ማን ተቀበለው?» ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ አሜሪካ ግን ጥያቄው «የት ተቀመጠ?» ነው። ለዚህ ነው ከወሎ የመጣ ሰው ስልኩ ላይ «ደርሷል» የሚል መልእክት እያየ በሩ ላይ ምንም ሲያጣ ከየት እንደሚጀምር ግራ የሚገባው። የሚጠየቅ ተቀባይ የለማ! ፖስተኛው በር ሥር አስቀምጦ፣ ስካን አድርጎ ሄዷል።

ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው ቦታ ነው። የመከታተያ ቁጥሩ ሲከፈት «ደርሷል» ከሚለው ጎን በር ላይ ይሁን፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ወይም የሕንፃው ኦፊስ አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። አፓርትመንት የሚኖር ሰው በቀላሉ የሚስተው ሎከሩን ነው፤ ፖስተኛው ጥቅሉን ትልቁ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በሰውዬው ትንሽ ሳጥን ይጥልለታል፣ እሱ ደግሞ ሳጥኑን ሳምንት ሙሉ አይከፍትም። ቀጥሎ ትዕዛዙ ላይ ያለው አድራሻ ይታይ፤ የቤት ቁጥር ተዘሎ ወይም የድሮው አድራሻ ሳይቀየር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ካለው የበሩን ቀለም ማስተያየት ነው። ቁጥራቸው የሚመሳሰል ጎረቤቶችንም ማንኳኳት ይገባል፤ የ214 ዕቃ 241 በር ላይ ቢገኝ አይገርምም።

ስካኑ ከዕቃው የሚቀድምበትም ጊዜ ስላለ አንድ ቀን መታገስ ደግ ነው። ካልመጣ ስልክ ይዞ ከመጠበቅ በጠዋት የሰፈሩን ፖስታ ቤት በአካል መጠየቅ ይሻላል። አጠያየቁም ወሳኝ ነው፤ «ዕቃዬ ጠፋ» ብሎ ከማማረር «ስካን የተደረገበትን የጂፒኤስ ነጥብ እዩልኝ» ማለት። መሣሪያው ቦታውን ይመዘግባል፤ ነጥቡ ሌላ ደጅ ላይ ካረፈ የት እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ከተላከ 7 ቀን ካለፈው የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፤ የካርቶኑ መጠን፣ ቀለሙና ውስጡ ያለው ነገር በዝርዝር ይጻፍ። ኢንሹራንስ ያለው ከሆነ ዕቃው ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የካሳ ጥያቄው ካልቀረበ ያመልጣል። የእኛ ሰው በይሉኝታ የሚያሳልፈው ይህንን ነው። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ከፖስታ ቤት ጋር ከመጨቃጨቅ ሻጩን መያዝ ይቀላል።

አገር ቤት የሚፈለገው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆንም ለዕቃው አድራሻ የሚሆነው መናኸሪያው ነው። ላኪው ካርቶኑን ለአውቶቡሱ ረዳት ያስረክባል፣ ሂሳቡን ይከፍላል፣ ከዚያ ደውሎ «እታለም፣ ማታ መናኸሪያ ውጪ» ይላል። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ታርጋውን አልጻፈም፣ የረዳቱን እንጂ የሹፌሩን ስልክ አልያዘም፣ የረዳቱ ባትሪ ደግሞ መንገድ ላይ ያልቃል። ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «አብሽሪ፣ አይጠፋም» ነው። «አብሽሪ» የወሎ ደግነት ነው፤ ታርጋ ቁጥር ግን አይደለም።

ከውጭ በፖስታ የተላከ ሲሆንም ቤት ድረስ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ተቀባዩ መታወቂያ ይዞ ፖስታ ቤት ይሄዳል። የመከታተያ ቁጥሩ በሁለት ፊደል ጀምሮ፣ 9 አኃዝ ይዞ፣ በሌላ ሁለት ፊደል የሚያልቅ ስለሆነ 13ቱንም ፊደልና አኃዝ ሳይጎድል ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ከአሜሪካ የምንልክ ሰዎች ካርቶኑ ላይ የእናታችንን የቤት ስም ጽፈን፣ መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ሆኖ፣ ዕቃው መስኮት ማዶ እየታየ ባዶ እጃቸውን እንመልሳቸዋለን። ስሙ ከነአያቱ እንደ መታወቂያው ይጻፍ፣ ከጎኑም የሚነሳ ስልክ።

በአውቶቡስ የተላከ ዕቃ ሲታጣ ሰው ሁሉ ወደ ላኪው ይደውላል። መጠየቅ ያለበት ግን መጨረሻ የያዘው ነው። ተቀባይ ከዘገየች ረዳቱ መናኸሪያው አጠገብ ለሱቅ ወይም ለሻይ ቤት አደራ ይሰጠዋል፤ የቤቱን ስም መያዝ ያስፈልጋል። መኪናው ወደ ወልድያ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ መውረድ የነበረበት ዕቃ ተሳፋሪ ሲራገፍ ተረስቶ ያልፋል። ያኔ ረዳቱ በጠዋት ለሚመለስ መኪና እንዲያስረክበው ማድረግ፣ የዚያኛውንም ታርጋ ከነሹፌሩ ስልክ መቀበል ነው።