ማስተካከያ፦ ሲአርፒ ኖርማል ስለሆነ ሲአርኤምኦ የለም አይባልም

ባለፈው ስለ ሲአርኤምኦ (CRMO፣ እየተመላለሰ የሚመጣ የአጥንት ብግነት በሽታ) በወጣው መረጃ ላይ "ኢኤስአርና ሲአርፒ ኖርማል ከመጡ በሽታው የለም ወይ ድኗል" የሚል ነበር (ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች ናቸው)፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ወላጅ አምኖት የልጁን ክትትል ሊያቆም ስለሚችል ቶሎ መታረም አለበት።

በሽታው በብዛት ልጆችን ነው የሚይዘው፣ ጀርም ሳይኖር ሰውነት ራሱ አጥንት ላይ የሚያስነሳው ብግነት ነው። ደም ላይ ብዙ ጊዜ ጎልቶ አይታይም፣ ሁለቱም ምርመራዎች ኖርማል ወይ ትንሽ ብቻ ከፍ ብለው ልጁ ግን ማታ ማታ እግሩን እያመመው እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል፣ እና እባካችሁ "ደሙ ንጹህ ነው እኮ" ብላችሁ ህመሙን አታጣጥሉበት።

እንዲያውም በጣም ከፍ ያለ ሲአርፒ ነው ሌላ ነገር የሚያስጠረጥረው፣ ኢንፌክሽን ወይ ካንሰር። ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት የሚጠቀሙበት የብሪስቶል መስፈርት የሚባለው ላይ ምልክቱና ምስሉ ገጥሞ ከአንድ በላይ አጥንት ከተነካና ሲአርፒ በሊትር ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ያለ ባዮፕሲም (የአጥንት ናሙና ሳይወሰድም) ሲአርኤምኦ ነው ተብሎ ሊወሰን ይችላል፣ ከ30 በላይ ከሆነ ግን ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያ እንደሌለ መታየት አለበት።

ኢኤስአር ደግሞ በደም ማነስም ይጨምራል፣ ብግነቱ ከበረደ በኋላም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ሲአርፒ ግን ቶሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሁለቱ ባይስማሙ አትደንግጡ።

የተነካውን አጥንት በደንብ የሚያሳየው የመላ ሰውነት ኤምአርአይ ነው፣ ምንም የማያመውን የአከርካሪ አጥንት ጭምር።